ሐኪሙ ሄደ፤ ካርዱስ?

ካርድ ክፍል መስኮት ላይ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚነግረኝ የካርድ ቁጥሩን አልነበረም። «የዶክተር እገሌ ታካሚ ነኝ» ይለኛል። ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሿ ወረቀት በነጠላ ጫፍ ተቋጥራ እያለች እንኳ የሚቀድመው የሐኪሙ ስም ነው። ሐኪሙ ለትምህርት ወደ ጅማ መሄዱን ወይም ሥራ መልቀቁን ስናገር ፊታቸው ይጠቁራል። «እንግዲህ እንደ አዲስ ልጀምር ነዋ!» የሚሉኝ ብዙ ነበሩ። ካርዱ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ የተጻፈውም እንዳልጠፋ አስረዳለሁ። አንዳንዱ ያምነኛል። አንዳንዱ ግን «እኔን የሚያውቀኝ እሱ ነው» ብሎ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ይህን ከአላዋቂነት የሚቆጥሩት ባልደረቦች ነበሩኝ። እኔ ግን ትልቅ ጥያቄ አየሁበት። ስለ ሥጋዬ የታወቀው ነገር የማን ነው? ያወቀው ሰው ነው ባለቤቱ፣ የተጻፈበት ቤት ነው፣ ወይስ ያደረበት ሰው? ሐኪሙ ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ ጥያቄው አይነሣም፤ ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸውና። ሐኪሙ ሲሞት፣ ሲሰደድ፣ ሲዛወር ወይም ክሊኒኩን ሲዘጋ ነው የሚለያዩት።

እዚህ ቦንጋ የሐኪም መሄድ እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማዋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። በገብረጻድቅ ሻዎ ስም የተሰየመው ሆስፒታል ከጊምቦም ከዴቻም ከአዲዮም የሚመጣውን ሰው ይቀበላል። ከዚያ በላይ የሆነው ሪፈር ተጽፎለት ጎጀብን ተሻግሮ ጅማ ይሄዳል። ወጣት ጠቅላላ ሐኪም ተመድቦ ይመጣል፤ ሰው ይለምደዋል፤ እሱም በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ሰላምታ ማቅረብ ይጀምራል። ከዚያ ስፔሻላይዝ ሊያደርግ ይሄዳል፣ ወይም ጭራሹን ከአገር ይወጣል። ማን ይፈርድበታል? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንሥተው በተለያዩ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሥራ ሲስተጓጎል አገር ሁሉ ሰምቷል። ሐኪም የመሄድ መብት አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ሲሄድ ምን ይዞ እንደሚሄድ ነው።

እናቴ የዴቻ ሴት ናት፤ ከአማርኛ ይልቅ ካፊኖኖ ይቀናታል። የደም ግፊቷን የሚከታተልላት ሐኪም ትንሽ የግል ክሊኒክ ነበረው። መጀመሪያ ኢናላፕሪል ጀመረላት። ጥቂት እንደቆየ ሌሊቱን የማያስተኛ ደረቅ ሳል ያዛት። መድኃኒቱ በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ሳል ያመጣል፤ ሐኪሙም ነቃበትና አቋርጦ አምሎዲፒን ሰጣት። ሳሉ ጠፋ። ይህ ሁሉ ካርዷ ላይ ተጽፏል። እሷ የምታውቀው ግን «ያቺኛዋ አልተስማማችሽም» መባሏን ብቻ ነው።

ሐኪሙ ውጭ አገር ሄደ። ክሊኒኩ ተዘጋ፤ ቤቱን የሞባይል መሸጫ ተከራየው። ካርዶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው በአከራዩ ግቢ ዕቃ ቤት እንደተቀመጡ ሰማን። አከራዩን ሄጄ ስለምናቸው «ልጄ፣ የሰው አደራ ነው፤ አልፈታውም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የመንደሩን ሰው ሁሉ ምስጢር የያዘ ከረጢት ለአንዲት ጎረቤት ልመና ብዬ አልፈታም።

እናቴ ሌላ ቦታ ሄደች። አዲሱ ሐኪም ትሑት ልጅ ነው፤ «እናቴ፣ ከዚህ በፊት ምን ይወስዱ ነበር?» አላት። «ነጭ ክኒን» አለችው። ስንቱ ክኒን ነጭ ነው? ግፊቱ ከፍ ብሎ ስላገኘው ኢናላፕሪል ጻፈላት፤ ሳሉ ተመለሰ። በእኛ አገር ሳል ሲሰነብት ቀድሞ የሚጠረጠረው ቲቢ ነውና አክታ ስጪ፣ ራጅ ተነሺ ተባለች። ውጤቱ ነፃ ቢሆንም ወሬው ቀድሞ ሰፈር ደርሷል፤ የቡና ጎረቤቶቿ ስኒዋን ለይተው አስቀመጡ። በካፋ ከቡና ስኒ መለየት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም። ይህን ሁሉ ሊያስቀር የሚችለው አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር። መስመሩም ተጽፎ አለ፤ ከረጢት ውስጥ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ብመዝናቸው የምወቅሰው አጣለሁ። የመጀመሪያው ሐኪም በደንብ አክሟል፣ በደንብም ጽፏል። አከራዩ አደራ ጠብቀዋል። ሁለተኛው ሐኪም ጠይቆ የተነገረውን ይዞ ሠርቷል። ሁሉም ልከኛ ሆነው ሳለ ሰው ከተጎዳ፣ ጉድለቱ በሰዎቹ ሳይሆን ሁላችንም ሳንነጋገርበት በተስማማንበት አንድ ሐሳብ ላይ ነው ማለት ነው። ሐሳቡን ላገኘው ብዬ በማውቃቸው ሦስት ነገሮች በኩል ሄድኩ።

የመጀመሪያው ንስሐ ነው። የንስሐ አባቴ ባረፉ ጊዜ ሌላ ካህን ያዝኩ። እኒያ አባት ከእኔ የሰሙት ሁሉ አብሯቸው መቃብር ወረደ። ማንም «መዝገባቸው የት ነው?» አላለም፤ እንዲያውም መዝገብ ቢገኝ ኖሮ ነበር ጉድ የሚባለው። የካህን ታላቅነት የሰማውን ይዞ መሞቱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሐኪምን የሚያየው በዚህ ዓይን ይመስለኛል። የሰማውን የማያወጣ፣ ሲሄድም ይዞ የሚሄድ የምስጢር ሰው ነው። «እኔን የሚያውቀኝ እሱ ነው» የሚሉኝም ይህን ማለታቸው ነው።

ነገር ግን ካህኑና ሐኪሙ የሚያውቁት ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ኃጢአቴን የማውቀው እኔ ነኝ። ካህኑ ከአፌ ካልሰማ ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ እሱ ቢሞት ለሌላው እንደገና መናገር እችላለሁ። በሽታ እንዲያ አይደለም። የደም ግፊት 180 ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ለባለቤቱ እንኳ ምልክት አይሰጥም። ሐኪሙ ከእኔ ከሰማው ሌላ ከእኔ ላይ የለካው፣ በመሣሪያ ያየው፣ ሞክሮ የደረሰበት ነገር አለ፤ ያን እኔ አላውቀውም። ካህን ሲያርፍ የሚቀበረው ቅጂው ነው፤ ዋናው እኔው ዘንድ አለ። ሐኪም ሲሄድ ግን የሚሄደው ዋናው ነው። እኔ ዘንድ ቅጂ የለም።

ሁለተኛው የአያቶቻችን ልማድ ነው። በካፋ ሰው ሲታመም፣ ሲጨነቅ፣ ከብት ሲያልቅበት ወደ አላሞ ይሄድ ነበር፤ የሚሄድም ዛሬ አለ። በአላሞው ላይ የሚያድረው መንፈስ ኤቆ ይባላል። አላሞው ሲሞት ኤቆው ከዘሩ ባንዱ ላይ ያድራል ተብሎ ይታመናል። በሃይማኖቴ ምክንያት ከዚያ ደጅ አልቆምም፤ ሐሳቡን ግን ማየት እችላለሁ። በዚህ አሠራር ባለጉዳዩ የሚያውቀው ሰው ቢሞትም ቦታው አይሞትም። የሚያውቀው ሰውዬው ሳይሆን ወንበሩ ነው።

እኔ ስሠራበት የኖርኩት አሠራርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ካርዱ የሐኪሙ ሳይሆን የቤቱ ነው። ሐኪም ይቀያየራል፤ መደርደሪያው ይቆያል። ካርድ ሲወጣ በቦታው ትሬሰር የምንላትን መከታተያ ወረቀት እናስገባለን፤ ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደው ይታወቃል፤ ማታ ይመለሳል። ከግቢ አይወጣም። ይህን ሥርዓት አከብረዋለሁ፤ ሥርዓቱ ባይኖር ስንቱ ካርድ በየጠረጴዛው መሳቢያ በቀረ ነበር። ነገር ግን ቤትም ይሞታል። የግል ክሊኒክ ይዘጋል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ስንት ጤና ተቋም ተዘርፏል፣ ወድሟል፤ ሆስፒታል ሲወድም መደርደሪያውም አብሮ ነው። አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ባጥለቀለቀ ጊዜ የብዙ ሰው የወረቀት ካርድ ውሃ በላው። የቀድሞ ወታደሮች የሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች መዝገብ ግን በኮምፒውተር ስለነበር በቀናት ውስጥ በሌላ ከተማ ተከፈተ። የዳነው መረጃ ከቤቱ መውጣት የሚችለው ነው።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ከወንጌል ነው። በማርቆስ ምዕራፍ 5 ላይ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች ሴት አለች። ከብዙ ባለመድኃኒቶች ደጅ ተንከራታለች፤ ገንዘቧን ጨርሳለች፤ ጭራሽ ብሶባታል። ሉቃስ በትውፊት ራሱ ሐኪም ነው፤ ያንኑ ታሪክ ሲጽፍ ገንዘቧን መጨረሷን ይነግረናል፣ መባሱን ግን አያነሣም። የሙያ ጓደኞቹን ሊሸፍን ይሆን እያልኩ ፈገግ እላለሁ። ሰባኪዎቻችን በዚህች ሴት እምነትን ያስተምሩናል፤ ተገቢ ነው። የካርድ ክፍል ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። ከነዚያ ሁሉ ባለመድኃኒቶች የአንዱም ስም አልተጻፈም። አንዱ ሲተዋት ሌላው ሲቀበላት፣ በ12ቱም ዓመት የነበረችው እሷ ብቻ ናት። በመጨረሻም ጌታ የነካውን ሲጠይቅ ወድቃ ሁሉን የነገረችው ራሷ ናት። ስለ እሷ ሌላ የሚመሰክር አልነበረም፤ መዝገቧ እሷው ነበረች።

እኔ የደረስኩበት ይኸው ነው። ሐኪሙ ይሄዳል፤ ቤቱ ይዘጋል፤ በሁሉም ምርመራ ላይ የምትገኘው ታካሚዋ ብቻ ናት። ሐኪም ከቦንጋ መሄድ ይችላል፤ እናቴ ከሥጋዋ መሄድ አትችልም። ስለዚህ ታሪኩ ማደር ያለበት መሄድ ከማይችለው ሰው ዘንድ ነው። ሐኪሙም ቤቱም ቅጂ ይያዙ፤ ለሥራቸው ያስፈልጋቸዋል። ዋናው ግን የእሷ ነው።

በዚህ ላይ አስተዋይ ሰዎችም ተለያይተዋል። በካናዳ አንዲት ሴት የቀድሞ ሐኪሞቿ ያዘዙላትን የታይሮይድ መድኃኒት አዲሷ ሐኪም እንድትተወው መከረቻት። ሴትየዋ «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ሲደረግልኝ ነበር?» የሚል ሐሳብ ገባትና ሙሉ ካርዷን ጠየቀች። ሐኪሟ የራሷን ማስታወሻ ሰጠቻት፤ የቀደሙትን ሐኪሞች ጽሑፍ ግን የእነሱ ንብረት ነው ብላ ከለከለች። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1992 ተወሰነ። ወረቀቱ የሐኪሙ ቢሆንም በላዩ ያለው መረጃ የተያዘው በአደራ ነው፤ ታካሚዋን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ልታየውና ቅጂ ልትወስድ ይገባል አሉ ዳኞቹ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ ላቀረበች ታካሚ በነባሩ ሕግ እንዲህ ያለ መብት የለሽም አላት። እዚያ መብቱ የመጣው በኋላ በወጣ ሕግ ነው።

በእኛም አገር ሕጉ መጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚገባቸው ውስጥ መድቦ፣ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ደስ ይለኛል። ሆኖም መብት የሚቀርብለት ሰው ይፈልጋል፤ ለተቆለፈ በር ማመልከቻ አይገባም። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ የሚጠየቅ መብት እኔ ከአከራዩ ግቢ እንደተመለስኩት ባዶ እጁን ይመለሳል። መረጃው መሰጠት ያለበት ሰጪው ገና በቦታው ሳለ ነው።

የሚቃወሙኝን ሰምቻለሁ፤ ተቃውሟቸውም ቀላል አይደለም። አንደኛው ከሐኪሞች የሚመጣ ነው። ካርድ ላይ የሚጻፈው ሁሉ እውቀት አይደለም፤ ጥርጣሬም አለበት። «ካንሰር ይሆን?» ብሎ የጻፈ ሐኪም በማግስቱ አይደለም ብሎ ይሰርዘዋል፤ ታካሚው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ቢያነብ እንቅልፍ ያጣል። እውነት ነው። ሆኖም እኔ የምለው ሐኪሙ ሲያስብ የጻፈውን ሁሉ አሸክሙት አይደለም፤ የደረሰበትን ስጡት ነው። በሽታው ምንድን ነው፣ የሚወስደው መድኃኒት ከነመጠኑ የትኛው ነው፣ ያልተስማማው የትኛው ነው፣ ለምን ተቋረጠ፣ ምን ውጤት ይጠበቃል። ለዚህ አንድ ገጽ ይበቃል።

ሁለተኛው «ገበሬው ምን ያደርግለታል? አያነብ፤ ይጥለዋል፤ ጭስና እርጥበት ይበላዋል» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የገበሬ ቤት ገብተው የሚያውቁ አይመስለኝም። የዴቻ ዘመዶቼ የግብር ደረሰኝ በላስቲክ ጠቅልለው፣ በፌስታል ደርበው፣ ከሣጥን ሥር ለዘመናት ያቆያሉ። የመሬት ይዞታ ደብተራቸው ጠፋ ማለት ዘበት ነው። የልጅ ክትባት ካርድም እንዲሁ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ጢም አብቅሎ፣ ካርዱ አለ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። ያልቻሉት ማንበብ እንጂ መጠበቅ አይደለም። ሰው የኔ ነው ብሎ ያመነውን ወረቀት ያኖራል፤ የሚጥለው የሌላ ሰው ነው የተባለውን ነው። ማንበቡንማ የሚቀጥለው ሐኪም ያነብለታል፤ የተጻፈውም ለእሱ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። ቦንጋ ትንሽ ከተማ ናት። ካርድ ክፍል የሚቀመጠው ሰው ያንተ ጎረቤት፣ የሚስትህ የአክስት ልጅ ነው። አንዲት ወጣት በአንድ ወቅት መስኮቴ ሥር ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሮጌው ካርዴ እዛኛው ክፍል እንዳይሄድ ማድረግ ይቻላል?» አለችኝ። ምን እንደተጻፈበት አልናገርም። እዚያኛው ክፍል የምትሠራው እህቷ ናት። ለዚህች ልጅ የሕመሟ ታሪክ እየተከተላት መኖሩ መዳን አይደለም፤ መታደን ነው። ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ተያይዞ ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ አንድ ቁልፍ ሲነካ የሚከፈትበት ጊዜ ሲመጣም ፍርሃቷ አይቀንስም።

ስለ እሷ ብዙ ካሰብኩ በኋላ ግን የእሷ ጥያቄና የእናቴ ጥያቄ አንድ ሆነው አገኘኋቸው። እናቴ ታሪኬን ለሐኪሜ ላሳይ ብላ አጣችው፤ ልጅቷ ታሪኬን ለእህቴ አላሳይ ብላ ተጨነቀች። ሁለቱም የጠየቁት ቁልፉ በእጃቸው እንዲሆን ነው። ወረቀቷን የያዘች ሴት ለማን እንደምታወጣው፣ ከማንስ እንደምትደብቀው ትመርጣለች። ይህም ከንስሐ የወረሰችው ክብር ነው፤ ተናዛዥ የሚናገረው ለመረጠው ካህን ነውና። ምስጢርን መጠበቅና መረጃን ማግኘት የሚጣሉ የሚመስሉን ባለቤቱን ሳንወስን ስለምንጀምር ነው። የወንጀል ሕጋችን የሙያ ምስጢር የሚያወጣውን ይቀጣል፤ ምስጢሩ ግን የተጠበቀው ለማን ሲባል ነው? ለባለ ሕመሙ ከሆነ፣ ከራሱ ከባለ ሕመሙ መደበቁ ጥበቃ ሊባል አይችልም።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ይመክራል፤ ጥበቡም ከልዑል የመጣ እንደሆነ ያስተምራል። ከላይ የተሰጠ ጥበብ ደግሞ የሐኪሙ የግል ሀብት አይሆንም፤ ለታመመው ሲባል የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ሐኪምን «ልትሄድ ነው፤ ያወቅኸውን አስረክበኝ» ማለት ክብሩን አይነካም።

ማስረከብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ ሳይጨርስ አይሄድም። ንብረት ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሒሳብ ክፍል እየዞረ ያስፈርማል። ወንበር፣ ቁልፍ፣ የደም ግፊት መለኪያ ያስረክባል፤ አንድ ጋወን ቢጎድል ይጠየቃል። ሐኪሞች ያን ቅጽ ይዘው ካርድ ክፍላችን ድረስ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ፈርሜያለሁ። የምፈርመው በእጃቸው የቀረ ካርድ አለመኖሩን አይቼ ነው። በክትትላቸው ሥር የነበረው ሰው የራሱን አንድ ገጽ መውሰድ አለመውሰዱን የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም። ያ መስመር ይጨመር። የግል ክሊኒክ የሚዘጋም ፈቃዱን ከመመለሱ በፊት ይኸው ይጠየቅ። ያ እስኪሆን ድረስ ቤተሰቦቼን፣ ጎረቤቶቼን የምላቸው አንድ ነገር ነው፦ ሐኪሙ ፊት ሳላችሁ፣ ከወንበሩ ከመነሣታችሁ በፊት፣ «ዶክተር፣ ያገኙብኝንና የሰጡኝን በወረቀት ይጻፉልኝ» በሉ። ቢቆጣ እንኳ ተቀመጡ፤ የምትጠይቁት የራሳችሁን ነው።